የሐጃ ኢንሺራህ ባክቴሪያ

ሰው ከአማቱ ጋር ለመታረቅ ስንት መንገድ አለው! ጣፋጭ ይዞ ይሄዳል፣ ግንባር ይስማል፣ ሽማግሌ ይልካል። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ «አጥፍቻለሁ» ብሎ መገላገል ነው። ሸውከት ግን እንዲህ ያለው ነገር አይሆንለትም። አብረን ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ «አጥፍቻለሁ» ከሚል በምድር ላይ ያልታየ አዲስ ፍጡር ፈልጎ ማግኘት ይቀለዋል። ቀልዴን አይደለም፣ ያደረገውም ይኼንኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሚሹ፣ ከዚያ በጋን ከሚከርም የጨው አይብ ልጀምር። የሸውከት ሚስት ሳውሰን ትባላለች፤ እናቷ ሐጃ ኢንሺራህ ድምያጥ ከተማ ውስጥ በሚሻቸው የታወቁ ሴት ናቸው። ሚሹ የሚቀመጥበትን ጋን ከአማታቸው ነው የወረሱት። አይቡን በጨውና በቃሪያ እየደፈቁ፣ አሮጌውን በአዲስ እየሞሉ ከዓመት ዓመት ያሻግሩታል እንጂ ጋኑ ታጥቦ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ሚሽ የሚያስነሳው ከእሳቸው ጭልፋ ለምኖ ነው። ታዲያ ረመዳን ሊገባ ሰሞን ሸውከት እዚያ ቤት ምሳ ተጋብዞ ሄደና ሳህኑ ውስጥ ትል አየ። ሚሽ ውስጥ ትል! ትል የሌለበት ሚሽ ምኑን ሚሽ ሆነ? አገሩ ሁሉ በዳቦ ገፋ አድርጎ ዝም ብሎ ይጎርሳል። እሱ ግን የወተትና የአይብ ላቦራቶሪያችን ኃላፊ አይደል? ዳቦውን አስቀምጦ ስለ ንጽሕና ያስተምር ጀመር። ሲጨርስም «ይኼ ጋን መጣል አለበት» አለ። በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ፣ በእንግዳ ፊት!

ሐጃ ሳህኑን ከፊቱ አነሡና ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሳውሰንም ተከትላቸው ገባች፣ እዚያው ቀረች። «እናቴን ይቅርታ ሳትጠይቅ ማንሱራ፣ ቤታችን አልመለስም» አለችው። ሸውከት አንገቱን እንዳቀና ወደ ማንሱራ ነዳ። ባዶ እጁን ግን አልነበረም፤ ከሚሹ ትንሽ በብልቃጥ ሰርቆ ይዟል። ቆሻሻነቱን በመሣሪያ አረጋግጦ የአማቱን አፍ ሊያስይዝ!

መሣሪያዋ ደግሞ የእኔ ናት። ማለቴ የመንግሥት ናት፣ ግን ከእኔ ሌላ ሰው ሲነካት ታኮርፋለች። ሥራዋ ቅባት መለየት ነው። ባክቴሪያ ገላውን የሸፈነበት ቅባት አለው፤ እኛ ባክቴሪያውን ሳህን ላይ እንዘራለን፣ ሲያድግ ቅባቱን አውጥተን ለማሽኗ እንሰጣለን፣ እሷም ቅባቱን በየዓይነቱ እየለየች ሾጣጣ ሾጣጣ መስመር ትስላለች። እያንዳንዱ የባክቴሪያ ዘር የራሱ የቅባት ድርሻ ስላለው ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ከሚያውቃቸው ጋር አስተያይቶ «ይኼ እከሌ ነው» ይላል። ታዲያ እሱ የሚያውቃቸው ሁሉ በሃያ ስምንት ዲግሪ ሙቀት ያደጉ ናቸው። ስለዚህ የእኛም በሃያ ስምንት ማደግ አለባቸው። ላቦራቶሪው የገባ ተማሪ ሁሉ ስሙን ከመናገሩ በፊት ይቺን ሕግ ነው የሚያጠናው። ያወጣትም ሸውከት ራሱ ነው።

ከሐጃ ሚሽ ያወጣናቸው ባክቴሪያዎች አንድ በአንድ ታወቁ፤ ሁሉም በጨው አይብ ውስጥ የሚጠበቁ፣ ማንንም የማይጎዱ። ሸውከት ፊቱ ጠቆረ። አማቱን የሚከስበት አንድም ነገር አጣ። የመጨረሻው ላይ ግን ኮምፒዩተሩ ቆመ፤ «አላውቀውም» አለ። ደግመን ሞከርን፣ አሁንም አላውቀውም።

«ኢብቲሃል!» ብሎ ጮኸ፤ ኢብቲሃል እኔ ነኝ። «ኢብቲሃል፣ አዲስ ዘር ነው! ማንም ያላየው!»

«ረጋ በል እንጂ። ኮምፒዩተር አላውቀውም ያለው ሁሉ አዲስ ነው እንዴ? እኔንም እኮ አያውቀኝም።»

ማን ሰምቶኝ! ጾም ያደረቀው ሰው አይመስልም፣ ክፍሉን በእርምጃ ይለካዋል። ከዚያ በድንገት ቆመ፣ ፊቱ በራ። እኔ ፊቱ እንዲህ ሲበራ ደስ አይለኝም። ስልኩን አወጣና ድምያጥ ደወለ፤ ድምፁንም ለሁላችንም ከፈተው።

«ሐጃ፣ እንደምን ዋሉ? ሸውከት ነኝ።»

«የትኛው ሸውከት?» አሉ ሐጃ ኢንሺራህ። ሌላ ሸውከት የሚባል ሰው አያውቁም።

«አማችዎ ነኛ!»

«እህ፣ ትል የሚፈራው።»

«ሐጃ፣ የምሥራች ልነግርዎ ነው። ጋንዎ ውስጥ በዓለም ላይ ያልታወቀ ባክቴሪያ ተገኝቷል። በእርስዎ ስም ነው የምጠራው።»

«ስሜን ለትል?» አሉ ሐጃ።

«ትል አይደለም! በዓይን እንኳ አይታይም።»

«በማይታይ ነገር ላይ ስሜን ብትለጥፈው ማን ያይልኛል?»

«መጽሔት ላይ ይወጣል፣ ሐጃ። ጃፓን ያለ ሰው ሳይቀር ኢንሺራህ እያለ ይጠራዎታል።»

«ጃፓኑን ተወው። ኡም ገላል ታየዋለች ወይ?»

«ኡም ገላል ማን ናቸው?»

«ጎረቤቴ ናታ! የእኔን ሚሽ ለምና ወስዳ የራሴ ነው እያለች የምትቸረችር።»

«ያዩታል። አትመን እንሰቅልልዎታለን።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ይዘህ ና። ያቺን ማሽን የምታናግረውንም ሴት ይዘሃት ና፣ የአንተን ብቻ አላምንም። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ሚስትህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

እንዲህ ሆነላችሁ። ወረቀቱ ካለ ሳውሰን ለኢድ ቤቷ ትገባለች፤ ከሌለ ሸውከት ካህክ የሚባለውን የኢድ ብስኩት ብቻውን ቁጭ ብሎ ሊበላ ነው። ለእሱ አላዝንም፣ የሥራው ነው። ሳውሰንን ግን እወዳታለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ሰውየው ሸሚዙን ሳይተኩስ ነው የሚመጣው፣ ክብሩ ሁሉ ተጨማደደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ የማሽኗን ሥዕል ይዤ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ተከልኩበት። አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ከቅባቶቹ መካከል እንደ ዘይት የሚላሉት አንሰው፣ እንደ ቅቤ ጠጠር የሚሉት በዝተዋል። ባክቴሪያ እንዲህ የሚሆነው ከልኩ በላይ ሲሞቀው ነው። ሸውከት ጋ ሄድኩ።

«ማሳደጊያው ሳጥን ስንት ዲግሪ ላይ ነበር?»

«ሃያ ስምንት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» ብሎ ተቆጣኝ። ሲቆጣ ጆሮው ቀላ። እኔ ይኼን ጆሮ ከፈተና ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሄጄ ሳጥኑን አየሁ፤ መለኪያው ሃያ ስምንት ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ስንገባም ሃያ ስምንት ነው። በሩ ላይም የሸውከት የእጅ ጽሑፍ እንደተለጠፈ ነው፤ «ምግብና መጠጥ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው!» ይላል። ቃለ አጋኖው ሁለት ጊዜ ተደምቋል። ከዚያው ባክቴሪያ ቆንጠር አድርጌ በራሴ ክፍል ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በሃያ ስምንት አሳደግኩት። ለማሽኗ ስሰጣት ዓይኗን ሳታሽ ነገረችኝ፤ ባሲለስ። ምን የመሰለ ተራ ባሲለስ! አፈር ውስጥ አለ፣ ዱቄት ውስጥ አለ፣ በየሰዉ ማድ ቤት ጨርቅ ላይ አለ። የሐጃ ኢንሺራህ ፍጡር የሁሉም ሰው ጎረቤት ሆኖ ተገኘ።

ወዲያው ሄጄ ልነግረው እችል ነበር። ጨዋ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ግን ረመዳን ነው፣ ርቦኛል፣ ቡናዬንም ከጠጣሁ ውዬ አድሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ አፍንጫውን ሰቅሎ ለወረቀቱ ወርቅማ ክፈፍ ሲያማርጥ አገኘሁት። በረመዳን ሰይጣን ይታሰራል ቢባልም ትንሿ የእኔዋ ሳትታሰር ቀርታ ነበር መሰለኝ።

ፍሪጃችን ውስጥ ተማሪዎችን የምናስተምርበት ባክቴሪያ አለ፤ እኔና ሸውከትም የተማርነው በእሱው ነው፣ ስሙን በእንቅልፍ ልባችን እናውቀዋለን። ከእሱ በአዲስ ሳህን ዘራሁና «ሐጃ ሁለት» ብዬ ጽፌበት ሰጠሁት።

«ከዚያው ጋን ሌላ የወጣ ይመስለኛል። ከፊተኛው ጋር አብረህ አሳድገው እስቲ» አልኩት።

በማግስቱ አሳድጎ አመጣው፣ ማሽኗ ሳለችው፣ ኮምፒዩተሩ አላውቀውም አለ። ሸውከት ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ።

«ሁለት! ኢብቲሃል፣ ሁለት ሆኑ! ይኼ ጋን እኮ ጋን አይደለም፣ የወርቅ ጉድጓድ ነው! ይኼኛውን በሳውሰን ስም እጠራዋለሁ!»

«በሳውሰን?»

«በሳውሰን! እናትና ልጅ ጎን ለጎን፣ አንድ መጽሔት ላይ!»

«አይ ሸውከት፣ ይኼኛውስ ስም አለው። ያንተ ስም በመዝገቡ ላይ ከመስፈሩ በፊት እዚህ ቤት ነበር። ፍሪጅ ውስጥ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው የሚኖረው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው። ጆሮው ብቻ አይደለም፣ አንገቱ ድረስ ቀላ። እኔም ሳልለቀው ከራሴ ሳጥን የወጣውን ሥዕል ፊቱ ዘረጋሁለት።

«የፊተኛውም ባሲለስ ነው። በሃያ ስምንት ሳሳድገው ስሙን ነገረኝ፤ ባንተ ሳጥን ሲያድግ ግን ገና ያልተወለደ ይመስላል። አሁን ንገረኝ፣ ያን ሳጥን ምን እያደረግከው ነው?»

«ምንም።»

«እንግዲያው እንክፈተው።»

«አሁን አይከፈትም!»

ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ በረመዳን ቀትር ሲያልፍ ሥራ ያበቃል፣ እሱ ብቻ ነው ሰሞኑን «ለሳይንስ» እያለ የሚቀረው። ገፋ አድርጌው ሄድኩና ከፈትኩት። ትኩስ ወበቅ ፊቴን መታኝ፤ መለኪያው አርባ ሁለት ይላል። ሳህኖቹን ወደ ጎን ገለል ሳደርግ፣ ከኋላ፣ ነጭ የላቦራቶሪ ፎጣ ተከናንበው የተደረደሩ ብርጭቆዎች አገኘሁ። ወተት ናቸው፣ ጠርዛቸው መርጋት ጀምሯል።

«እርጎ!» አልኩ። «ሸውከት፣ እርጎ ታረጋለህ? በማሳደጊያ ሳጥን? ይኼን ማስጠንቀቂያ የጻፈው እጅ የማን ነው?»

«ለሱሁር ነው፣ ሌሊት ለምበላው» አለ በቀጭን ድምፅ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። የአማቱን ጋን ቆሻሻ ነው ብሎ የከሰሰው ሰውዬ ወተቱን ከባክቴሪያ ጋር አስተኝቶታል! እኛ ስንወጣ ሙቀቱን ወደ አርባ ሁለት ያወጣዋል፣ የጾም መፍቻው ኢፍጣር ሊደርስ ሲል ብርጭቆዎቹን በቦርሳው ከትቶ መለኪያውን ወደ ሃያ ስምንት ይመልሰዋል። ሳጥኑ ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይበርድም። ባክቴሪያዎቹ ጉልበታቸውን አውጥተው በሚያድጉበት ሰዓት ሁሉ እንደ ዳቦ ሲጋገሩ ያመሹና ቅባታቸውን ይለዋውጣሉ። የመጀመሪያዎቹ የታወቁት እርጎውን ሳይጀምር በፊት ስላደጉ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ወንበር ላይ ወደቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ኢብቲሃል፣ እህቴ» አለ። እህቴ ሲለኝ ነገር አለ። «ሐጃ አንድ ጊዜ አዲስ ነው ተብለዋል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እንደዚያው እንተወውና ፈርሚልኝ። መጽሔቱ ይቅር፤ አንዲት ወረቀት፣ ለአንዲት አሮጊት፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል። ማን ይጎዳል?»

«ማሽኔ ስሙን ነግራኛለች። እኔ በማሽኔ አልዋሽም።»

«ሳውሰን አትመጣማ!»

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ እኔም ሳቄ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላው። ግን ምን ላድርግ? በውሸት የገባች ሚስት፣ ውሸቱ በወጣ ቀን ተመልሳ ትወጣለች፤ ይኼን ነገርኩት። እሱ ግን የሰማኝ አይመስለኝም።

ዓርብ ዕለት አብረን ወደ ድምያጥ ነዳን። ወርቅማ ክፈፍ ያላት ወረቀት በጨርቅ ተጠቅልላ ከኋላ ወንበር ተኝታለች፤ የእኔ ፊርማ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሸውከት መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲለማመድ ነበር።

«አንቺ ዝም በይልኝ፣ እኔ እናገራለሁ።»

«ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ። ከጠየቁኝ ግን ጾመኛ ነኝ፣ ውሸት ጾም ያስገድፋል።»

«አላህ ይይልሽ።»

«ለራስህ ነው መጸለይ ያለብህ።»

ሐጃ ኢንሺራህ ሳሎኑን አዘጋጅተው ጠበቁን። ያ ድምያጦች የሚኮሩበት ወርቅ ቅብ ወንበር ሁሉ በሴቶች ተሞልቷል። ጋኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ከሁሉም ፊት፣ ጋኑ አጠገብ፣ አንዲት ወፍራም ሴት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ኡም ገላል እሳቸው መሆናቸውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ሳውሰን በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ለእኔ ፈገግ አለችልኝ፣ ባሏን አላየችውም።

ሸውከት ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ስለ ሳይንስ አወራ፣ ስለ ግብፅ አወራ፣ ስለ ድምያጥ አወራ። ሐጃ አቋረጡት።

«ወረቀቱ የታለ?»

ወረቀቷን ገለጠላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጃ ግን መነጽራቸውን አድርገው ወደ ታች ወደ ታች አነበቡና ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ ጣሉ።

«እዚህ ጋ ማን ነው የሚፈርመው?»

«ኢብቲሃል ናት» አለ ሸውከት። «አሁን ትፈርማለች። ረሳችው።»

«ረሳሽው፣ ልጄ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው። ዓይናቸው ጾሙን ረስቶ ፈክቷል። አሮጊት ስታምነኝ አልወድም፣ መዋሸት ያቅተኛል።

«አልረሳሁም፣ እማማ። አልፈርምም፤ አዲስ አይደለም።»

ሸውከት ዓይኑን ጨፈነ።

«እንዴት ነው አዲስ ያልሆነው? ማሽንሽ አላውቀውም አለች አላሉኝም?»

«ብላ ነበር። እማማ፣ በብርድ ጊዜ ቅቤ ይረጋል አይደል?»

«ይረጋል።»

«ዘይትስ?»

«ዘይት አይረጋም፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ባክቴሪያም ይኼን ያውቃል። ሲበርደው ገላው እንዳይደርቅበት እንደ ዘይት ያለውን ቅባት ያበዛል፤ ሲሞቀው እንዳይላላ ብሎ እንደ ቅቤ ያለውን ያበዛል። ማሽኔ ደግሞ የምትለየው በቅባቱ ነው። የእርስዎ ባክቴሪያ አላግባብ ሞቀው፣ ቅባቱን ቀየረ፣ ማሽኔ ተሳሳተች። በልኩ ሙቀት ሳሳድገው ግን ማንነቱ ታወቀ። በየቤቱ ያለ ነው።»

«በየቤቱ?» አሉ ኡም ገላል ወንበራቸው ላይ እየተነሡ። «እኔም ቤት?»

«እርስዎም ቤት አይጠፋም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ኡም ገላል፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። እንዲህ ከልብ የመነጨ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሐጃ ኢንሺራህ ፊታቸው ከሰል መሰለ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሟ ደፏት። «ቆይ፣ ቆይ። ማነው ያሞቀብኝ?»

ባለቤቱ ይናገር ብዬ ወደ ሸውከት ዞርኩ። ሴቶቹም ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«እርጎ... ላርጋ ብዬ ነው።»

ሳሎኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ሐጃ ሊስቁም ሊቆጡም አቃታቸው። «የእኔን ጋን ይጣል ብለህ፣ አንተ እርጎህን ከጀርም ጋር አስቀመጥክ? ያ አላህ!»

ያን ጊዜ ሸውከት ምን እንደነካው አላውቅም። ምናልባት ማፈር ራሱ ልክ አለው፣ ሲያልፍ ሰው ይቀልለዋል። ጎንበስ አለና የሐጃን እጅ ያዘ። «አጥፍቻለሁ» አለ። ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ ከአፉ ስትወጣ ሰምቻት አላውቅም።

«ለየትኛው ነው?» አሉ ሐጃ።

«ለጋኑ። ለሳህኑ። ለወረቀቱም። ለሁሉም።»

ሐጃ እጃቸውን ባይሰጡትም አልነጠቁትም። ገና ሳይመልሱ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ምን እርጎ?» አለች ሳውሰን።

ከመጣን ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃሏ ነው። ሸውከት ቀና አለ።

«የሱሁር እርጎ።»

«ሱቅ ጠፋ?»

«ከሱቅ ገዛሁ። ከየሱቁ ገዛሁ። አይሆንም።»

«ምን ጎደለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያንቺን አይመስልም። ወይ ስኳር ይበዛበታል፣ ወይ ይቀጥናል። ከዚያ ራሴ ላርጋው ብዬ ነው። ቤት ሞከርኩ፣ ወተቱ ተቃጠለ። ድስቱን በምን እንደምትጠቀልይው እንኳ አላውቅም። ሙቀቱን ልለካ ብዬ ነው ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት። አርባ ብዬ ሞከርኩ፣ አርባ አራት ብዬ ሞከርኩ። አርባ ሁለት ላይ ይረጋል።»

«ረጋ?»

«ረጋ።»

«ታዲያስ?»

«ያንቺን አይመስልም አልኩሽ እኮ!» አለና እንደ ልጅ ተቆጣ። «በየቀኑ እሠራዋለሁ፣ በየቀኑ ያንቺን አይመስልም።»

ማንም አልሳቀም። ሳውሰን ትንሽ አየችው፣ ያ ያልተተኮሰ ሸሚዙን፣ ያ ቀይ ጆሮውን።

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሠርቼልሃለሁ» አለች። «አንድ ቀን ጥሩ ነው ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

«የሱቁን እስክቀምስ አላወቅኩማ።»

ሳውሰን ዞር ብላ ወደ ውስጥ ገባች፣ የመኝታ ክፍሉ በር ተዘጋ። ሸውከት የሐጃን እጅ ለቀቀ፣ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። በቃ፣ አለቀ ብሎ ነበር፤ እኔም ብዬ ነበር፣ ምን ልዋሽ። «ልጄ፣ ያን ወርቅ ወረቀት ምን ብለህ አመጣህብኝ?» አሉት ሐጃ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እርጎው ቀርቶብኛል ብለህ ቀድመህ ብትመጣ ኖሮ...» ነገራቸውን ሳይጨርሱት ተዉት።

በሩ ተከፈተ። ሳውሰን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ያን ያህል ሻንጣ በዚያች አፍታ የሚሸከፍ አይደለም፤ ዚፑ ተዘግቶ፣ ማሰሪያው ጠብቆ፣ ላዩ ላይ አቧራ ሳይቀር ነበረበት። እናቷን ሳመች፣ ለኡም ገላል ዓይኗን ጠቀሰች፣ ሻንጣውን ባሏ እግር ሥር ዘፍ አደረገችው።

መኪናው ውስጥ እኔ ከኋላ ተጣልኩ፣ እሷ ከፊት ተቀመጠች። ሸውከት ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሮ ሞተሩ አልነሣ አለው። ሳውሰን ቀበቶዋን እያሰረች ወደ ፊት ወደ መንገዱ እያየች፣ «ዛሬ ለሱሁር አንተ ነህ የምታረጋው» አለችው። «እኔ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ቢጣፍጠኝም አልነግርህም።»